ለቴፑ የተነገረ መርዶ

ናታንያ፣ ሜይ 1997

ውድ እቴቴ ሐረጓ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ መጀመር ነበረብኝ። እንዴት እንደሰነበትሽ ግን አውቃለሁ፤ ልጅሽ ሙኒት ትናንት ሆቴሉ ድረስ መጥታ ነግራኛለች። ከእማ ጋር ተኳርፈሻል፣ እህል ሲቀርብልሽ ፊትሽን ታዞሪያለሽ፣ ስልክም አታነሺም። እኔም ደህና አይደለሁም። ስለዚህ ሰላምታውን እንለፈውና ወደ ነገሬ ልግባ።

ይህን የምጽፈው ባሕሩ ዳር ካለው ሆቴል፣ የሠራተኞች ማደሪያ ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው። ከዚህ እስከ አንቺ ቤት በእግር ሃያ ደቂቃ አይሞላም፤ የአውቶቡስ ጣቢያውን ካለፍኩ ደረስኩ ማለት ነው። ሆኖም በፖስታ እልክልሻለሁ። ፊትሽን ካየሁ ንዴቴ ይበርድብኛል፤ ዛሬ ደግሞ እንዲበርድብኝ አልፈልግም። የምታነብልሽ ሙኒት እንደሆነች አውቃለሁ። ሙኒት፣ እናትሽን የተቆጣሁበት ቦታ ስትደርሺ እንዳትዘይ። እንዳለ አንብቢላት፤ ብትዘይም ከድምፅሽ ታውቅብሻለች።

አንድ ይቅርታ ላስቀድም። ለታላቅ ሰው ደብዳቤ የሚጻፈው በአንቱታ ነው። እኔ ግን አፌን ከፈታሁ ጀምሮ አንቺ ስልሽ ኖሬያለሁ፤ አንቱ እያልኩ መቆጣት አልችልበትም።

ወንድሜ ብሩ ሞቷል። ከሞተ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ሆነው። እናንተ ከሰማችሁ አንድ ዓመት ከአራት ወር። እኔ ከሰማሁ ዘጠኝ ቀን። በዚህ ከተማ ከጎንደር ከመጣው ሰው ሁሉ ሳይሰማ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አሁን ሳስበው ምልክቱ ሞልቶ ተርፎ ነበር። ጎረቤታችን ውዴ አንድ ዓርብ ጣቢያው ውስጥ አግኝታኝ፣ አቅፋ ይዛ አልለቅ ብላ፣ አይዞሽ አይዞሽ ስትለኝ፣ ስለ ፈተናዬ መስሎኝ፣ አይዞኝ ውዴ፣ ሁሉንም አልፌያለሁ አልኳት። ሴትዮዋ ስለ እኔ ምን እንዳሰበች እግዜር ይወቅ።

የምማረውን ነገር ስንት ጊዜ ጠይቀሽኝ በቅጡ መልሼልሽ አላውቅም። ዛሬ ልንገርሽ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከሱ ነውና። የጥንት ግሪኮችን ግጥም ነው ያልኩሽ ቀን፣ የዕብራይስጥ ትምህርት ቤቱ፣ ኡልፓን ውስጥ፣ ስለ ሐኑካ በዓል ያስተማሩሽ ትዝ አለሽና፣ «ቤተ መቅደሱን ያረከሱት፣ እነዚያ?» አልሽኝ። አዎ፣ እነሱ ናቸው አልኩሽ። «እነሱን አጥኚ ብለው ነው በአውሮፕላን ያመጡሽ?» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ሳቅሽ ደስ ስላለኝ ማብራሪያውን ተውኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ሺህ ሰባት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ግሪኮች ስለ ጦርነትና ስለ ባሕር ጉዞ የሚተርኩ በጣም ረጃጅም ግጥሞች ነበሯቸው። አንዱ ብቻ ከአሥራ አምስት ሺህ ስንኝ ይበልጣል። ይህን ሁሉ ማን ገጠመው እያሉ ምሁራን ሁለት መቶ ዓመት ተጨቃጨቁ። ገሚሶቹ አንድ ታላቅ ባለቅኔ ነው አሉ። ገሚሶቹ የለም፣ ብዙ ትንንሽ ግጥሞች በጊዜ ብዛት ተሰፍተው ነው አሉ። ኋላ፣ አያቴ ገና ጎልማሳ በነበሩበት ዘመን መሆኑ ነው፣ አንድ ምሁር መጽሐፉን አጥፎ ማንበብ የማያውቁ ዘፋኞች ወዳሉበት ተራራማ አገር ሄደ፤ መቅረጫ ይዞ ሲዘፍኑ ቀዳቸው። ዘፋኞቹ ግጥሙን አልሸመደዱትም። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሰሟቸውን ዝግጁ ሐረጎች እያገጣጠሙ እዚያው በተቀመጡበት ይሠሩታል። ከዚያ ወዲያ የግሪኮቹም እንዲሁ ነው የሚለው ምሁር በዛ። ጀግናው ቁጭ ብሎም እያለ ፈጣን የሚባለው ስለሚሮጥ ሳይሆን ቃሉ የስንኙን ልክ ስለሚሞላ ነው ይላሉ። የላቲኖቹ ለብቻ ነው፤ ታላቁን የላቲን ግጥም አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ እየሰረዘ እየደለዘ እንደጻፈው ይታወቃል።

ይህን ያስተማረችን ናአማ የምትባል አስተማሪዬ ናት። ስትነግረን እጄን አወጣሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ እጄን ያወጣሁበት ቀን በጣት ይቆጠራል። አክስቴ ይህን ትሠራለች አልኩ። ለቅሶ ቤት ገብታ፣ ሟቹን በዓይኗ አይታው ሳታውቅ፣ ስለ አባቱና ስለ እናቱ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቃ፣ ሰባት ቀን ሙሉ ሙሾ ታወጣለታለች አልኩ። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዞረው የሚያዩኝ ዕብራይስጤ ሲሰናከል ብቻ ነበር። ከክፍል ስንወጣ ናአማ በር ላይ ጠብቃኝ፣ አክስትሽን ቅጃትና የዓመቱ ማሟያ ጽሑፍሽ፣ ሴሚናሪዮንሽ ይሁን አለችኝ። ወደ ናታንያ ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ለብቻዬ ፈገግ እያልኩ መጣሁ።

እውነቱን ለመናገር ግጥም የጀመርኩት ካንቺ አይደለም፤ ከብሩ ነው። ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ስንወርድ፣ ያ ጭነት መኪና እያንገላታን፣ አንድ ስንኝ ይሰጠኛል፣ እኔ ቤት እየመታሁ እመልሳለሁ። ካልመታሁ በኩርኩም ይለኛል። ዘጠና አንድ ላይ እኛ አውሮፕላኑ ውስጥ ስንገባ እሱ ሚስቴን ትቼ አልሄድም ብሎ ቀረ፤ አያቶቿ ክርስትና ተጠምቀዋል ተብሎ ስሟ ከተጓዦቹ መዝገብ ወጥቶ ነበር። በቅርቡ እመጣለሁ፣ የመግቢያ ወረቀቱ ሊደርስ ነው እያለ ይጽፍልኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ዓመት፣ የግሪክ ግጥም ልማር ነው ብዬ ስጽፍለት፣ ቤት የማይመታ ግጥም ከሆነ እንዳትቀበያቸው ብሎ መለሰልኝ። የግሪኮቹ ቤት አይመታም። ይህን ልነግረው አፍሬ ትቼዋለሁ።

ከዚያ ደብዳቤው ቆመ። ምነው ብሩ ጠፋ ስላችሁ፣ ፖስታው ነው አላችሁኝ፤ ሥራ አግኝቶ መተማ ወርዷል አላችሁኝ። መተማ መውረዱ እውነት ነው። ልጆቹን የሚያበላው አጥቶ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ፣ እዚያው ወባ ገደለው። እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ አምስት ደብዳቤ ጽፌለታለሁ። እማ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ሰላም በይልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ ትለኝ ነበር፤ እኔም እጽፍላት ነበር።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ከሰግድ በዓል በኋላ ባለው ሳምንት መጥቼ ለመንኩሽ። ያልሽኝን ደብተሬ ላይ ስለጻፍኩት ቃል በቃል አለኝ። «ሬሳ ሳይኖር ሙሾ? አንች ልጅ፣ ሞት በስሙ ይጠራል እንዴ?» አልሽኝ። ለትምህርት ነው፣ የውሸት ይሁን ብዬ ሙጭጭ አልኩ። የውሸት ለቅሶ የማውቀው አማት ሲሞት ብቻ ነው ብለሽ አሳቅሽኝ። ናአማ ያዘዘችኝንም ጠየቅሁሽ፤ ለሟቹ ሁሉ የቤቱ ምሰሶ የምትይው ግጥሙን ስለሚሞላልሽ ነው ወይ ብዬ።

«ቤቱ ለወደቀበት ሁሉ ነው የምለው» አልሽኝ። «ስንት ቤት እንደወደቀ እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

ይህንም ጻፍኩት፤ ከጎኑ ደግሞ፣ ባለሙያዋ የራሷን አሠራር አታውቀውም ብዬ ማስታወሻ አከልኩበት። በምን ድፍረት እንደሆነ አላውቅም።

በሐኑካ ሰሞን ራስሽ ደወልሽ። ነይ፣ ማሽንሽንም ይዘሽ ነይ፣ እናትሽን ግን እንዳታስከትያት አልሽኝ። ሐሳብሽን ምን እንዳስቀየረሽ አልጠየቅሁም። መጠየቅ ነበረብኝ። ቴፑን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ይች ቀይ መብራት ምንድናት አልሽኝ። እሷ እስከበራች ድረስ ይሰማል አልኩሽ። ጎንበስ ብለሽ አየሻት። ከዚያ ነጠላሽን አዘቀዘቅሽና ጀመርሽ። እኔ ሁለት ነገር ብቻ ነበር የማየው፤ ደብተሬንና የካሴቱን መዞር።

ከመሐል እንዲህ አልሽ፦

ወረቀቱ መጣ ማኅተም ተመቶበት፣
ባለቤቱ የለም ስሙን የሚጽፍበት።

እቴቴ፣ ይህን ሰምቼ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ። ደስ አለኝ። ከናታንያ ሰው ግማሹ አዲስ አበባ ወረቀት የሚጠብቅ ዘመድ ስላለው፣ የማንም ወረቀት ሊሆን ይችላል። ቤት ሄጄ ሙሉ ገጽ ጻፍኩበት፤ አልቃሿ የሚኒስቴሩን ወረቀት በጥንቱ ሐረግ ውስጥ እንዴት እንዳስገባችው፣ ባህሉ አዲስ ነገርን እንዴት እንደሚውጥ። ናአማ ጠርዙ ላይ «እጅግ ግሩም» ብላ ጻፈችልኝ። ያ ወረቀት የወንድሜ ነበር። ከሞተ በሰባተኛው ወር ፈቃዱ ወጥቶለት ነበር፤ ይህንንም የሰማሁት ገና በቀደም ነው።

ከዚያ ስልኩ ጮኸ። እማ ናት፤ እኔን ፈልጋ ነው። ኮሪደሩ ውስጥ ቆሜ ሩብ ሰዓት አወራችኝ። በልተሻል ወይ፣ ምን በላሽ፣ ሹራብ ደርበሻል ወይ፣ ዓርብ ስንት ሰዓት ትመጫለሽ። ሴትዮዋ ዛሬ ምን ሆናለች ብዬ ተሰላችቼ ነበር። አሁን ገብቶኛል፤ አንቺ ቤት ብቻዬን መሆኔን ሰምታ፣ ትነግራታለች ብላ ፈርታ፣ ከአጠገብሽ ልታርቀኝ ነው የደወለችው። እኔ ስመለስ ፊትሽን በነጠላሽ እየጠረግሽ ነበር። በቃኝ፣ አጥፊው አልሽኝ፤ አጠፋሁት።

ልሄድ ስል ለማን ነው ያለቀስሽው አልኩሽ። ከልቤ አልነበረም፤ የቅጂው ቅጽ ላይ ለሟቹ የሚሞላ ቦታ ስለነበር ነው። «ለሰው ነው» አልሽኝ። እኔም በቀለም፣ «ሟች፦ ምናባዊ» ብዬ ሞላሁ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ይህ አንድ ቃል ነው።

ካሴቱን ወደ ጽሑፍ ስገለብጥ ስልኩ የጮኸበት ቦታ ላይ ስደርስ አቆምኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው ባዶ ክፍል ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ሥራዬን ያዝኩ። ቃል በቃል የተደገመውን ሐረግ በቀይ እርሳስ አሰምርበታለሁ፤ ቅርጹ ተመሳስሎ ቃሉ የተለወጠውን በነጠብጣብ። ምሁራኑ በግሪኮቹ ላይ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ከመቶ ስንኝሽ ስልሳ አንዱ ቀይ ወጣ። በዚህ ቁጥር እንዴት እንደኮራሁ ብታይ ታፍሪብኝ ነበር። አምስት ወር ሙሉ ያ ካሴት ቦርሳዬ ውስጥ ከአውቶቡስ ትኬትና ከእጅ ቅባት ጋር ሲንከራተት ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ናአማ ረቂቁን መለሰችልኝ። ካሴቱ አርባ አንድ ደቂቃ ነው፣ የጻፍሽው ግን ሃያ ስድስት ደቂቃ ብቻ ነው አለችኝ። ዝምታም ቢሆን ዝምታ ብለሽ ጻፊ፣ ምሁር የሚዘል አይደለም አለችኝ። ተናደድኩባት። ባዶ ክፍል ለማዳመጥ ሩብ ሰዓት ማባከን ነው ብዬ፣ ሥራ ላይ እያለሁ፣ ምድር ቤት የአንሶላ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰካሁ።

መጀመሪያ ከሩቅ የራሴን ድምፅ ሰማሁ። በልቻለሁ እማ፣ አዎ፣ ሾርባ በልቻለሁ ይላል። ከዚያ ወንበር ሲንፏቀቅ ተሰማ፤ ያንቺም ድምፅ ከቅርብ መጣ፣ ኮሪደሩ ጋ እንዳይደርስ ዝቅ ብሎ። ለሰው አልነበረም የምትናገሪው።

«አንተ መብራትህ የበራው፣ ስማኝ። እናቷ ደመቀች ለልጅቱ እንዳልነግር አስምላኛለች። ለአንተ እንዳልነግር ግን አላስማለችኝም። ወንድሟ ብሩ ሞቷል። መልሳ ያዳመጠችህ ቀን ንገርልኝ።»

ከዚያ አወጣሽ። እኔ እየሳቅሁ ስለ ሾርባ አወራለሁ፣ አንቺ ታወጫለሽ፦

ጫማ ገዛች አሉ እኅትህ ሳታውቅ፣
እግርህ አፈር ገብቶ እሷ ስትጠብቅ።

ጫማውን ታውቂዋለሽ። በመስከረም፣ የዓመቱ መባቻ ከመድረሱ በፊት፣ አርባ ሁለት ቁጥር ጥቁር ጫማ ገዝቼ፣ አዲስ አበባ ለሚሄደው ለአያ ዘበነ ሰጠሁት። ሲመለስ ልኩ ሆነለት ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ አዎ፣ በጣም ወደደው አለኝ። ከማጠቢያው ክፍል ወጥቼ በቀጥታ እማ ቤት ሄድኩ። ጫማው ከአልጋዋ ሥር ከነካርቶኑ ተገኘ። ከናታንያ አልወጣም።

ለምን አልኳት። ፈተናሽን ጨርሺ ብለን ነው አለች። የትኛውን ፈተና ብዬ ጮህኩባት። የጃንዋሪውን ነበር ለካ። ከዚያ ድጋሚው መጣ። ከዚያ ፋሲካ ነው፣ በዓሏን አናጨልምባት ተባለ። ከዚያ የጁላዩ ፈተና፤ ከዚያ ሆቴል ሥራ ስለያዝኩ በአዲስ ሥራ ላይ ይከብዳታል ተባለ። ከዚያ ሴሚናሪዮን። እማ እንደዚያ እየጮህኩባት አላለቀሰችም። ቁጭ ብላ በድካም ድምፅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ፈተና የሌለሽ መቼ ነው? እስቲ አንድ ቀን ጥሪልኝ። በዚያ ቀን እነግርሽ ነበር።»

ልጠራላት አልቻልኩም። ይህም አናደደኝ። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ፤ ብሩዬ ብዬ ደረቴን ልመታ ስል እማ እጄን ያዘችኝ። ተይ ልጄ፣ እኛ አልቅሰንለታል አለችኝ። ለማጽናናት መሆኑ ይገባኛል። እናንተ ሰባቱን ቀን ተቀምጣችኋል፣ ተዝካሩንም አውጥታችኋል፣ ሐዘናችሁን ጨርሳችሁ ከተነሣችሁ ቆይታችኋል። እኔ አሁን ስመጣ ለቅሶው አልቋል፣ ሰው ተበትኗል። እንባዬ እዚያው ቆመ፤ እስከ ዛሬም አልወጣም። ልብሴን በከረጢት አድርጌ ወደ ሆቴሉ መጣሁ።

እዚህ ያለው የወጥ ቤቱ የካሽሩት፣ የምግብ ሕጉ፣ ተቆጣጣሪ ደግ ሽማግሌ ነው። የሐዘኑን ሕግ ጠየቅሁት። ከሠላሳ ቀን በኋላ ለተሰማ ሞት የሚቀመጡት አንድ ሰዓት ብቻ ነው አለኝ። ሰባት ቀን አይደለም፣ አንድ ሰዓት። ጫማዬን አውልቄ ማጠቢያው ክፍል ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ማሽኑ አንድ ዙር ጨረሰ፣ ሌላ ዙር ጀመረ። ሰዓቴን ሳየው ሰባ ደቂቃ አልፏል። ተነሥቼ አንሶላ ማጠፌን ቀጠልኩ። ሕጉ እንደሚለው ከሆነ ሐዘኔን ጨርሻለሁ።

ለናአማ ነገርኳት። ክፋት የላትም፤ እጄን ይዛ ከእኔ ይልቅ እሷ አለቀሰች። ትንሽ ቆይታ ግን ይህ ቅጂ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ታውቂያለሽ ወይ አለችኝ። ምሁር ፊት ሲሆን ዘፋኙ ሁልጊዜ ለምሁሩ ነው የሚዘፍነው፤ ምሁሩ ሳይኖር፣ ከልብ የወጣ ግጥም ተቀድቶ ማግኘት የማይታሰብ ነው አለችኝ። በበጋው ጉባኤ አብረን እናቅርበው፣ ስምሽ ይጠራበታል አለች። ትክክል ናት። ያበገነኝም ትክክል መሆኗ ነው። ድምፁ የአክስቴ ነው፣ ሟቹ ወንድሜ ነው፣ እኔ ሳላለቅስለት ካሴቱ ከቦርሳዬ አይወጣም አልኳት። ጽሑፉ በጊዜው ካልገባ ዓመቱ ይቃጠልብሻል አለችኝ። ይቃጠል አልኳት።

አሁን ያንቺ ተራ ነው፤ ሙኒት፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ። እማ በአንቺ ላይ የተቆጣችው መሐላሽን አፈረስሽ ብላ ነው። ሙኒት እንደነገረችኝ አንቺም፣ እኔ ለልጅቱ ትንፍሽ አላልኩም፣ የነገርኩት ለቴፑ ነው ብለሽ መልሰሻል። እቴቴ፣ ብልሃትሽ አናደደኝ። መሐላሽን ጠበቅሽ፣ እውነቱንም ተናገርሽ፣ ሁለቱንም በንጽሕና ተወጣሽው፤ እኔ ግን አምስት ወር ሙሉ የወንድሜን ሞት በጀርባዬ ተሸክሜ አውቶቡስ ስሳፈር ነበር። ከዚያ በኋላ ስንት ሰንበት ቤትሽ መጥቻለሁ። ቴፑን ሰማሽው ወይ ብለሽ አንድ ቀን እንኳ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት? ዓይን ዓይኔን ታይ ነበር፤ እኔ ደግሞ ስለ ስንኞችሽ ብዛት አወራልሽ ነበር። ምን እየጠበቅሽ እንደነበር አሁን ይገባኛል። ቢገባኝም ንዴቴ አልቀነሰም።

የራሴንም ልናገር። የቆጠርኩት ቁጥር አሁንም ልክ ነው፤ ስልሳ አንዱ ስልሳ አንድ ነው። ሐረጎቹ እውነትም ዝግጁ ናቸው፣ ለማንም ይሆናሉ። የቤቱ ምሰሶ ያልሽው ለሌላ ሰው ስትይው ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ያንን ካሴት ግን አሁን ስሰማው፣ ለሁሉም የሚሆነው ቃል ለብሩ ብቻ የተሰፋ ነው። ይህን በምን ቀለም እንደማሰምርበት አላውቅም። ናአማም አታውቅም፤ ጠይቄያታለሁ።

በዘጠኙ ቀን ካሴቱን ስድስት ጊዜ አዳምጬዋለሁ። አላስለቀሰኝም። ብቻዬን አልሆነልኝም። ሙሾ አውጪ ስታወጣ የሚቀበላት ሰው ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ አንሶላ እያጠፍኩ ለማን እቀበላለሁ? ላለቅስለት የሚገባኝ ሰው ሞቶብኝ መርዶ ያልተረዳሁ ሰው ነኝ። ከማሽን ሰማሁ እንጂ አልተረዳሁም። መርዶ የሚነገርበት ወግ አለው፤ ያንን ወግ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔን ከዚህ ወግ ያስወጣኝ ማን ነው? ዩኒቨርሲቲ ስለገባሁ ነው?

ስለዚህ የምጠይቅሽ ይህ ነው። ይቅርታ አልፈልግም፤ አንቺም እንዳትጠይቂኝ፣ እማም እንዳትጠይቀኝ። ቅዳሜ ሰንበት ሲወጣ ልብሴን ይዤ ወደ እማ ቤት እመለሳለሁ። ስለ ምንም አናነሣም። እራቴን በልቼ እተኛለሁ። ለእሑድ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። አንቺ ከእማ ጋር ተኳርፌያለሁ ሳትይ፣ አያ ዘበነንም፣ ውዴንም፣ ያኔ የነበሩትን ሁሉ ሰብስበሽ፣ ሊነጋጋ ሲል መጥታችሁ አንኳኩ። አንድ ለቅሶ ሁለት ጊዜ አይለቀስም የሚል ሰው ካለ፣ እሷ አንድ ጊዜም አላለቀሰችም በይልኝ።

በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ሕዝብ በጠዋት አይቼ እደነግጣለሁ። ምነው፣ በደህና ነው ወይ ብዬ እጠይቃችኋለሁ። ያን ጊዜ ንገሩኝ።

የብሩ እኅት፣
ተናኜ